ከርቤ አንድ ዛፍ አይደለም፦ ኮሚፎራን (የከርቤ ዛፎችን ወገን) በቅርብ የምታውቁ ብቅ በሉ

የያቤሎው ልጅ (ክሩን የከፈተው)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ነው፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ «ለቡናው ከርቤ ገዝተህ ና» ብላ መርካቶ ላከችኝ። ከሦስት ሱቅ ትንሽ ትንሽ ገዛሁ። ቤት ስደርስ ሦስቱንም ነጭ ሰሃን ላይ ለየብቻ ዘረገፍኳቸው። አንደኛው ቀይ ቡናማ ነው። ላዩ አቧራ የለበሰ ይመስላል፤ ሲሰበር ግን ውስጡ ያብረቀርቃል፣ እንደ ጥፍር ነጭ የሚመስሉ ምልክቶችም አሉት። ሁለተኛው ጠቆር ይላል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። ሦስተኛው ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሽታውም ለስለስ ያለ ነው።

እናቴ ከመጀመሪያው ቁራሽ ላይ ቆንጥራ ምላሷን አስነካችው። ፊቷ ተኮማተረ። «ከርቤ ይሄ ነው» አለች። ሁለተኛውን አሸተተችና «ይሄማ የከብት መድኃኒት ነው» ብላ ወደ ዳር ገፋችው። ሦስተኛውን ስታሸት ቆየት አለች። «ይሄኛውን የሶማሌ ሴቶች ለሽቶ ነው የሚይዙት» አለችኝ።

ሦስቱም ግን የተሸጡልኝ «ከርቤ» ተብለው ነው። ዋጋቸውም ያን ያህል አይራራቅም።

ያደግኩት ያቤሎ አካባቢ ነው። እኛ ሰፈር የከርቤ ዛፎች አጥር ናቸው፣ ጥላ ናቸው፣ የፍየል ምሳ ናቸው። ቅርፊታቸው እንደ ስስ ወረቀት ይላጣል። ልጆች ሆነን ልጣጩን እየገሸለጥን ፀሐይ ላይ ይዘን ብርሃን ሲያሳልፍ እናይ ነበር። ከልጣጩ ሥር አረንጓዴ ቆዳ አለ። ዛፉ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል የለውም፣ ደርቆ የሞተ ነው የሚመስለው። ግንዱ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ቅጠሉ ሲረግፍ በቅርፊቱ በኩል ምግብ ይሠራል።

አባቴ ዛፎቹን በአንድ ስም ጠርቷቸው አያውቅም። በኦሮምኛ ቁምቢ ሌላ ነው፣ ሃሜሳ ሌላ ነው፣ ሃጋርሱ ሌላ ነው። ለቁምቢ ሲሆን ድምፁ ራሱ ይለወጣል። በአማርኛ ሲያወራ ግን እሱም «ከርቤ» ይልና ያልፋል። ይሄ ነገር ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል። አንድ ስም ስር ስንት ዛፍ ነው የተሸጎጠው? የምታውቁ ንገሩኝ። የአካባቢያችሁን ስምም ጻፉልኝ፣ መመዝገብ እፈልጋለሁ።

—

ሙዳይ፦

የእናትህ ምላስ ከላቦራቶሪ አይተናነስም። የእኔም አያት እንደዚያ ነበሩ።

—

የናሙና ክፍል፦

የያቤሎው ልጅ፣ ጥያቄህ የልቤ ነው። ሥራዬ የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ላይ ነው። በዚህ ወገን ያልተቸገረ የዕፅዋት ባለሙያ አላውቅም። ትንሽ ላስረዝም።

ኮሚፎራ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1797 ያወጣው የኦስትሪያው ሊቅ ኒኮላውስ ዮሴፍ ፎን ዣካን ነው። ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «ሙጫ ተሸካሚ» ማለት ነው። በዓለም ላይ ወደ 200 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ አፍሪካ ውስጥ ናቸው፤ ማዳጋስካር ላይ ብዙ አሉ፣ ዓረብ ምድርና ሕንድም አላቸው፣ አንዱ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ብራዚልና አካባቢዋ ይበቅላል። ከዕጣን ዛፎች ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ዕጣንና ከርቤ የአጎት ልጆች ናቸው ብትል አልተሳሳትክም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ተከታታይ መጽሐፍ 3ኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ ይህን ቤተሰብ የጻፈው ካይ ቮለሰን ነበር። ከ50 በላይ የኮሚፎራ ዝርያዎች እኛው ጋ አሉ። ከዓለሙ ሩብ ያህሉ ማለት ነው። የአንዳንዶቹ ስም ካርታ ነው የሚመስለው። ኮሚፎራ ቦራኔንሲስ የቦረና ነው። ኮሚፎራ ኦጋዴንሲስ የኦጋዴን ነው። ኮሚፎራ ሃበሲኒካ የሐበሻ ነው። ኮሚፎራ ሺምፔሪ ደግሞ ትግራይ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ኖሮ ዕፅዋት ለሰበሰበው ለጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር መታሰቢያ ነው።

ለምን ያስቸግራሉ? አንድ ናሙና ላሳይህ። ወረቀቱ ላይ የተሰፋው ጫፉ እሾህ የሆነ አንድ ግራጫ ቅርንጫፍ ነው። ቅጠል የለውም፤ ሰብሳቢው የደረሰው በደረቅ ወር ነው። ከእርሳስ ጫፍ የማይበልጡ አበቦች አሉት፣ እነሱም የወንድ ናቸው። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው። ስለዚህ ፍሬውን ለማየት ሌላ ዛፍ ጋ መሄድ አለብህ፣ ቅጠሉን ለማየት ደግሞ ዝናብ ሲጥል መመለስ አለብህ። ለአንድ ዝርያ ሦስት ጉዞ ማለት ነው። ሰብሳቢዎች በአብዛኛው አንዴ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ አንዱ ዛፍ አራት አምስት ስም ይዞ ቁጭ ይላል። እውነተኛው ከርቤ ራሱ፣ ኮሚፎራ ሚራ፣ ለረጅም ጊዜ ኮሚፎራ ሞልሞል በሚል ስምም ሲጠራ ኖሯል።

ስለ ሦስቱ ሙጫዎችህ፣ እንደገለጽከው ከሆነ የመጀመሪያው የኮሚፎራ ሚራ ይመስለኛል። መራራው፣ ቀዩ፣ ነጭ ምልክት ያለው እሱ ነው። የሚጣበቀው ነጋዴዎች «ሃጋር» የሚሉት፣ የእናንተ ሃጋርሱ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው «ሐዲ» ይመስለኛል። ሳላየው ግን አልምልልህም።

የሐዲ ታሪክ ለብቻው ያስገርማል። ይህ ጥሩ መዓዛ ያለው ከርቤ ለዘመናት ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል፣ የሽቶ ቤቶች ይፈልጉታል። ከየትኛው ዛፍ እንደሚወጣ ግን መጽሐፍት በተሳሳተ መንገድ ነበር የሚጽፉት፤ የሃጋርን ዛፍ ነበር የሚጠቅሱት። እ.ኤ.አ. በ1991 ማትስ ቱሊንና ፐር ክላሰን የተባሉ በስዊድን የኡፕሳላ ሰዎች ዛፉ ኮሚፎራ ጉይዶቲ መሆኑን አሳዩ። በሶማሊኛ ዛፉን «ሐዲ» የሚለው አርብቶ አደር ግን መች ተሳስቶ ያውቃል? መጽሐፉ ነው ወደ እሱ የመጣው።

—

ፊልቱ ነኝ፦

የናሙና ክፍል እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ደስ አሰኝታኛለች።

በእኛ በሶማሊኛ ዛፉና ሙጫው ስማቸው ይለያያል። ዛፉ ዲዲን ነው። ሙጫው መልመል ነው። ሙጫ ሁሉ በጥቅሉ ሐበግ ይባላል። ስለዚህ «ሐበግ ሐዲ» ማለት የሐዲ ሙጫ ነው። ይሄ ስም እስከ ውጭ ገበያ ድረስ ሄዷል፣ ፈረንጆቹም አጣምመው ይጠሩታል።

አጎቴ መልመል ይለቅም ነበር። «ይቆርጥ ነበር» አላልኩም፣ ልብ በሉ። ዕጣን ላይ ቢላ ያሳርፋሉ፣ እኛ ጋ መልመል አብዛኛውን ጊዜ ዛፉ ራሱ ሲሰነጠቅ ወይ እንስሳ ሲያቆስለው የሚወጣው ነው የሚለቀመው። ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲመለስ ኪሱ ውስጥ ያለው አንድ እፍኝ ሊሆን ይችላል። እኔ አብሬው ስሄድ አንድ ነገር አሳይቶኛል። ትኩሱ ጠብታ ሲወጣ ቢጫማ ነው፣ እንደ ቀለጠ ቅቤ። ሳምንት ሲቆይ ይቀላል። ከዚያ ወዲያ ይጠቁራል። «ካልቀላ አትንካው፣ ገና ልጅ ነው» ይለኝ ነበር።

ሐዲውን ሴቶቻችን ለፀጉርም ለሽቶም ይጠቀሙበታል። እናትህ ትክክል ናት።

—

የያቤሎው ልጅ፦

ፊልቱ፣ ወንድሜ፣ «ገና ልጅ ነው» የሚለውን ለእናቴ አነበብኩላት። ከት ብላ ሳቀች፣ ከዚያ «ልክ ነው» አለች። ሃጋርሱን በተመለከተ፣ አባቴ ለመዥገር ነበር የሚጠቀምበት። ሙጫውን አሟሙቶ የላሟ ጡት ዙሪያና ጆሮ ሥር ይቀባል። ለዚህ ነው እናቴ የከብት ነው ያለችው።

—

ሰናይት፣ ጅዳ፦

እኔ የምኖረው ጅዳ ነው። እዚህ ሙር ይሉታል። በአረብኛ መራራ ማለት ነው። አሠሪዬ ሆዷን ሲያማት ማታ ሁለት ቁራሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥላ ታሳድረዋለች፣ ጠዋት ትጠጣዋለች። ቁስልም ታጥብበታለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ ገበያ ላይ የሚሸጠው ከየት ነው የሚመጣው ብዬ ስጠይቅ፣ ባለ ሱቁ አንዱን ከረጢት እያሳየ «ሐበሺ» አለኝ። ጉድ ነው! ከሀገሬ ወጥቶ እዚህ እኔን ቀድሞኝ ተቀምጧል።

ነፍሰ ጡር የሆነች ጓደኛዬ ልትጠጣው ፈልጋለች። ይጎዳ ይሆን?

—

ሲስተር ወ.፦

ሰናይት እህቴ፣ ጓደኛሽ እንዳትጠጣው ንገሪያት። ከርቤ ማህፀንን ያነሳሳል ተብሎ ስለሚታመን በእርግዝና ጊዜ በአፍ መውሰድ አይመከርም። ከወለደች በኋላ በጭሱ መታጠን በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ ነው፤ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ሆዷን ካመማት ሐኪም ትጠይቅ።

ለሌሎቻችሁም፦ ከርቤ ባዶ እምነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የጣልያን ተመራማሪዎች ከከርቤ ውስጥ ያወጡት ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ ሕመም እንደሚቀንስ አሳይተው ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። ሞርፊን የሚሠራበት የአንጎል ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ግን ይሄ በላቦራቶሪ በተለካ መጠን ነው። ቤት ውስጥ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ የማናውቀውን ሙጫ መጠጣት ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። የያቤሎው ልጅ ሰሃን ላይ ያሉትን ሦስቱን አስቡ። ሦስቱም «ከርቤ» ናቸው። የትኛውን ነው የጠጣሽው?

—

ዲያቆን፦

ይህን ክር ከትናንት ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። እኔም የምጨምረው አለኝ።

በማርቆስ ወንጌል ጌታችን በመስቀል ላይ ከመዋሉ በፊት ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን ሰጡት፣ አልተቀበለም። ሲስተር የጻፉትን ሳነብ ይህ ትዝ አለኝ። ሕመም ማስታገሻ ሆኖ ይሰጥ እንደነበር ብዙ መተርጉማን ያስረዳሉ። ሰብአ ሰገል ያመጡት ከርቤ አለ። ኒቆዲሞስ ለግንዘት ያመጣው ከርቤና እሬት አለ። በመጽሐፈ አስቴር ደግሞ ደናግሉ ስድስት ወር በከርቤ ዘይት ይታሹ ነበር።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ለመቅመስ የሚመረውና ለቆዳ የሚታሸው፣ ለሽቶ የሚሆነው፣ አንድ ሙጫ ነው? ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ እንደሆነ ነበር የማስበው።

—

የናሙና ክፍል፦

አባቴ ዲያቆን፣ ጥያቄዎ በጣም ጥሩ ነው። የጥንቱ የሽቶ ከርቤ ዛሬ ከምናውቀው መራራ ከርቤ ይልቅ መዓዛማው የሐዲ ዓይነት ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ንግዱ ከቀይ ባሕር ወዲያና ወዲህ ነው የነበረው፣ ሁለቱም በአንድ መርከብ ሊጫኑ ይችላሉ። የጥንት ነጋዴም እንደ መርካቶው ነጋዴ ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቷቸው ይሆናል። እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ሰው አላገኘሁም፣ እኔም አልናገርም።

—

ቤርሳቤህ፦

እስራኤል ነው ያለሁት። ስለ በለሳን ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳው።

እዚህ «የገለዓድ በለሳን» የሚሉት ዛፍ ኮሚፎራ ጊሌያዴንሲስ ነው። የእናንተው ወገን ነው፤ ዓረብ ምድርና የአፍሪካ ቀንድ ላይ ይበቅላል። በጥንት ጊዜ ሙት ባሕር ዳር፣ ኢያሪኮና ዓይንጋዲ ላይ ይተክሉት ነበር። ዋጋው ከፍ ያለ ስለነበር ሮማውያን ሲመጡ ዛፉን ራሱ በድል ሰልፋቸው ላይ አሳይተዋል። በኋላ ተከላው ጠፋ።

አሁን ደስ የሚለው ነገር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በይሁዳ ምድረ በዳ ካለ ዋሻ ውስጥ አንድ ዘር ተገኘ። በካርቦን ሲለካ ከ993 እስከ 1202 ባለው ጊዜ ውስጥ የነበረ ነው፤ ወደ ሺህ ዓመት ገደማ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዶክተር ሣራ ሳሎንና ጓደኞቿ ተከሉት። ከአምስት ሳምንት በኋላ በቀለ። ዛሬ ቁመቱ ሦስት ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ስሙን «ሳባ» አሉት። የእኛን ንግሥት ስም! ዲኤንኤው ሲታይ ኮሚፎራ መሆኑ ተረጋገጠ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ላይ ወጣ።

ግን ሽታ የለውም። በለሳኑ ነው ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፣ ቅጠሉንም ሙጫውንም ሲመረምሩ የሽቶ ነገር አላገኙበትም። ለመድኃኒት የሚሆን ሌላ ንጥረ ነገር ግን ሞልቶበታል። ከዘመዶቹም ውስጥ ቅርቦቹ ደቡብ አፍሪካ አካባቢ ያሉ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። አበባ እስካሁን አላየንበትም። ስለዚህ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ቁርጡ አልታወቀም። የናሙና ክፍል ስለ ሦስቱ ጉዞ ስትጽፍ የገባኝ ይሄ ነው። ይህ ዛፍ ሺህ ዓመት ቆይቶ መጥቶ አሁንም ስሙን አልነገረንም።

—

ሙዳይ፦

ይህን ሁለቴ አነበብኩት። ሌላ የምለው የለኝም።

—

አንቃ፦

የተጠቃሚ ስሜን አይታችሁ ይሆናል። አንቃ በአማርኛ ከዚህ ወገን ራሱን የቻለ ስም ካላቸው ጥቂቶች አንዱ ነው፣ ኮሚፎራ አፍሪካና። ሃሜሳ ያልከው እሱ ነው። ከሴኔጋል እስከ እኛ፣ ከእኛ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይገኛል። ከ50ዎቹ ሁሉ ሰፊ አገር ያለው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

እኛ ጋ አጥር የሚሠራው ከእሱ ነው። ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ትቆርጣለህ፣ ጥላ ሥር ጥቂት ቀን ታሳርፈዋለህ፣ ቁስሉ ይደርቃል። ከዝናብ በፊት ትተክለዋለህ። ሥር ያወጣል። አያቴ በግቢያቸው ዙሪያ የተከሉት አጥር አሁን የፍየል መግቢያ የሌለው ሕያው ግድግዳ ሆኗል። በደረቅ ወቅት እኛ ልጆች የወጣቱን ዛፍ ሥር ቆፍረን እንጠባ ነበር፤ ውኃማ ነው፣ ትንሽ ጣፋጭ ነው።

ፍሬውን በደንብ ያየ ሰው ደግሞ አይረሳውም። ከላይ ያለው ልጣጭ ሲደርስ ለሁለት ይከፈታል። ውስጡ ጠቆር ያለ ጠንካራ ዘር አለ፣ ዘሩን ደግሞ ቀይ ሥጋ እንደ ጣት አቅፎታል። ቅጠል በሌለው ዛፍ ላይ ያ ቀይ ከሩቅ ይታያል። ወፎች ለሥጋው ብለው ይመጣሉ፣ ዘሩን ወስደው ሌላ ቦታ ይጥሉታል። የዚህን እቅፍ ቅርፅ ከዝርያ ወደ ዝርያ ስታይ ትገረማለህ። አንዱ እስከ ግማሽ ያቅፋል፣ ሌላው አራት ክንድ አውጥቶ እስከ ጫፍ ይደርሳል፣ ሌላው ጭርሱኑ የለውም። ዝርያ የሚለዩት አንዱ በዚህ ነው።

—

የሩቅ ዘመድ፦

ዛፎቹ ሌላ ቦታ ምን እንደሚሠሩ ልጨምር።

ናሚቢያ ውስጥ፣ ኩኔኔ ክልል፣ ኮሚፎራ ዊልዲ የሚባል አለ። ሂምባ ሴቶች «ኦሙምቢሪ» ይሉታል፣ ከቀይ አፈርና ቅቤ ጋር ቀላቅለው ይቀቡታል። ሙጫው በሙቀት ወራት ራሱ ይወጣል፣ አይቆረጥም። ማኅበረሰቡ ሰብስቦ ይሸጣል፣ ዘይቱን የሚያወጡት እዚያው ኦፑዎ ከተማ ነው። ፊልቱ ስለ አጎቱ ሲጽፍ ይሄ መጣልኝ። ሁለት ሕዝብ፣ ሦስት አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ተራርቆ፣ አንድ ዓይነት ጥንቃቄ።

እዚያው አካባቢ ሳን ሕዝቦች ከኮሚፎራ ሥር አፈር ቆፍረው የሚያወጡት ነገር አለ። ዲያምፊዲያ የሚባል ጥንዚዛ ቅጠሉን በልቶ ያድጋል፣ ከዚያ አፈር ውስጥ ገብቶ ጎጆ ሠርቶ ይተኛል። ሳኖች ያንን ትል አውጥተው ፍላጻቸውን ይመርዙበታል። ሰጎንም ቀጭኔም ለማደን የሚበቃ መርዝ ነው።

የኮሚፎራ የቅርብ ዘመድ ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ ቡርሴራ የሚባለው ነው። እዚያ ቅጠሉን ስትበጥሰው ሙጫው እንደ ውኃ ሽጉጥ ይፈናጠራል፣ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረጭም አለ። ዛፉን የሚበላው ጥንዚዛ ልጅ መጀመሪያ በቅጠሉ ውስጥ ሙጫው የሚሄድበትን ሥር ቀስ ብሎ ይቆርጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ይበላል። ያ ጥንዚዛም የዲያምፊዲያ ዘመድ ነው። ዛፎቹ በሁለት አህጉር ሲለያዩ በላተኞቻቸውም በሁለቱም ወገን አሉ።

—

ሐና፣ ሜሪላንድ፦

እኔ ለቡና ብቻ ነበር የማውቀው። እዚህ ሀበሻ ሱቅ ውስጥ በትንሽ ላስቲክ ነው የሚሸጠው፣ ላዩ ላይ ዕጣንና ከርቤ ተቀላቅሎ። ትናንት ማታ ላስቲኩን ፈትቼ ለየሁት። ዕጣኑ ቀላል ነው። ከርቤው ሁለት ዓይነት ሆነብኝ! አንዱ መረረኝ፣ ሌላው አልመረረኝም።

የናሙና ክፍል፣ ቤት ውስጥ መለየት የሚቻልበት መንገድ አለ?

—

የናሙና ክፍል፦

ሐና፣ ቁርጥ ያለ መለያ የለም፤ ሻጩ የሚለቅመውን ሰው ካላወቀ እኛም አናውቅም። ግን አንድ ነገር ሞክሪ። ከርቤ ግማሹ ሙጫ ነው፣ በውኃ ይሟሟል። ግማሹ ዝፍት ነው፣ በአልኮል ነው የሚሟሟው። ፈጭተሽ ውኃ ውስጥ ስትበጠብጪው ሁለቱ ተቀላቅለው ወተት የመሰለ ነገር ይሆናል። ሁለቱን ለየብቻ ሞክሪያቸው። አንዱ ቶሎ ወተት ከሆነ፣ ሌላው ከታች ተቀምጦ ከቀረ፣ ቢያንስ ሁለት የተለያየ ነገር እንደሆኑ ታውቂያለሽ። የትኛው ዛፍ እንደሆነ ግን አይነግርሽም።

እግረ መንገዴን አንድ ከባድ ነገር ልንገራችሁ። ሕንድና ፓኪስታን ውስጥ ኮሚፎራ ዊግቲ፣ በእነሱ አጠራር ጉጉል፣ ለመድኃኒት ተፈልጎ ተፈልጎ አሁን ለመጥፋት በጣም ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ ገብቷል። ብዙ ሙጫ ለማግኘት ሲሉ ግንዱን ከመጠን በላይ ያቆስሉታል፣ ዛፉ ይደርቃል። እኛ ጋ እስካሁን ጉዳቱ የሚታየው ዕጣኑ ላይ ነው። ኮሚፎራ ግን ብዙ ስለሆነ ማንም አይቆጥረውም። 50 ዝርያ በአንድ ስም ሲጠራ አንዱ ቢጠፋ ማን ያውቃል? ከሰል የሚከሰለውስ የትኛው ነው? ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል።

—

ፊልቱ ነኝ፦

እውነት ነው። እኛ ጋ ድርቁ ሲረዝም ግመሉ የማይነካውን ሁሉ ይበላል። ሽማግሌዎቹ «ይቺ ዛፍ ድሮ እዚህ ነበረች» እያሉ ስም ይጠራሉ፤ እኔ ስሙን ሰምቼ ዛፏን አላውቃትም።

—

የያቤሎው ልጅ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። ያቤሎ ሄጄ ነበር፣ አባቴ ጋ።

ስልኬን ከፍቼ ይህን ሁሉ አነበብኩለት፣ ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ። ስለ ሺህ ዓመቱ ዘር ስነግረው ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ሰው አልነካውም ነበራ» አለ።

በማግስቱ ገና ሳይሞቅ ይዞኝ ወጣ። ደብተር ይዤ ነበር። ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ስንዞር አሥራ አንድ ዛፍ ጋ አቆመኝ። ለእኔ ዐይን አሥራ አንዱም አንድ ናቸው፣ ግራጫ፣ እሾሃማ፣ ቅጠል የለሽ። እሱ ቅርንጫፉን በጥፍሩ ይጭራል፣ ያሸታል፣ ስም ይጠራል። ሲጠራጠር ልጣጩን ይገሸልጥና ከሥሩ ያለውን ቀለም ያያል። አንዱ አረንጓዴ ነው፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ አንዱ ቢጫ ነው። ልጣጩም ይለያያል። አንዱ በሰፊው ይገነጠላል፣ ሌላው በቅንጥብጣቢ ይረግፋል። ሰባት ስም ነገረኝ። ሦስቱን ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

አንዱ ዛፍ ጋ ሲደርስ አልጠራውም። ጭሮ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። «ይሄን አባቴ ያውቀው ነበር፣ እኔ ስሙ ጠፍቶብኛል» አለ። እዚያ ላይ ድንጋይ ከምሬ ምልክት አድርጌያለሁ።

የናሙና ክፍል፣ ቅርንጫፍ ይዤልህ ልምጣ? ቅጠልም አበባም የለውም።

—

የናሙና ክፍል፦

ቅርንጫፉን አምጣልኝ፣ ግን ብቻውን አይበቃም። አበባቸው የሚፈነዳው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው፣ ብዙ ጊዜ ከቅጠሉ ቀድሞ። ጥቂት ቀን ነው የሚቆየው። ድንጋዩን የከመርክበትን ቦታ በስልክህ ላይ ያዝ። አባትህን ደግሞ ድምፁን ቅረጽልኝ፣ ሰባቱን ስም በራሱ አፍ ይጥራቸው፣ በእኛ ፊደል ስንጽፈው እንዳናበላሸው።

—

የያቤሎው ልጅ፦

ድምፁን ቀርጫለሁ። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ አባቴ ደመናውን አይቶ ይደውልልኛል።